የሊኑክስ መስኮት በዊንዶውስ ስክሪን ላይ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



በጥቂት ደቂቃ ልገልጽላችሁ የምሻው፥ በሊኑክስ ኮምፒዩተር የሚሠራ ፕሮግራም በዊንዶውስ ወይም በማክ ስክሪን ላይ እንደ ቤተኛ ሆኖ የሚታይበትን ዘዴ ነው። አንድ ብርቱ ኮምፒዩተርና ብዙ ደካሞች ባሉበት ክፍል፥ ደካሞቹም በብርቱው ጉልበት ይሠሩበታል።

የዘዴው መሠረት ኤክስ የተባለው ሥርዓት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ፤ እስከ ዛሬ የምንገለገልበት 11ኛው እትም በ1987 ወጣ። አጠራሩ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሰርቨር የሚባለው ማዶ ያለው ትልቁ ኮምፒዩተር ሳይሆን፥ በፊታችን ያለውን ስክሪን፥ ኪቦርድና ማውዝ የሚጠብቀው ፕሮግራም ነውና። የማዶው ፕሮግራም ደንበኛ ነው፤ «መስኮት ክፈትልኝ፥ ይህን ሣልልኝ» እያለ ይለምናል። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ለማምጣት መድፉን ራሱን ማስጎተት ግድ ሆነባቸው። በኤክስ ግን ፕሮግራሙ ካለበት አይነቃነቅም፤ በሽቦው የሚጓዘው የመሣል ትእዛዝ ነው።

እንዲህ ያለው ሰርቨር የሊኑክሱን ሁሉ በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ሊያጉረው ይችላል። በዊንዶውስ ሲግዊን ኤክስ፥ በማክም ኤክስኳርትዝ ከዚህ የተሻለ ያደርጋሉ፤ እያንዳንዱን መስኮት ለብቻው፥ የቤቱን ጠርዝና መዝጊያ አልብሰው ያወጡታል። በ2021 ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ ውስጥ ለሚሠራ ሊኑክስ ይህን የመሰለ አገልግሎት አወጣ።

ይሁን እንጂ መልኩ የቤት ቢሆንም ጠባዩ የማዶ ነው። ይህን ፈጥነን የምንገነዘበው አማርኛ የምንጽፍ ነን። ሰርቨሩ የሚያስተላልፈው የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካ ስለሆነ፥ በዊንዶውስ ላይ የጫንነው የግዕዝ መጻፊያ በዚያ መስኮት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ፊደሉን የሚያገጣጥመው መሣሪያ፥ ለምሳሌ አይባስ፥ ሊኑክሱ ላይ መጫን አለበት። ፎንቱም እንዲሁ፤ ማዶ ከሌለ በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረደራል። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 መዝግቦት ሳለ በዚህ መንገድ የቀረ ጽሑፍ እጅግ ያሳዝነኛል።

ሰነፍ ሰው ደግሞ ማስተካከሉ ሲታክተው ሰርቨሩን ለሁሉ ክፍት ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጎረቤቱ የሚጽፈውን የምሥጢር ቃል ሳይቀር ፊደል በፊደል ሊለቅምበት ይችላል፤ በኤስኤስኤች በኩል ማገናኘት ይሻላል።

በክፍል ውስጥ ባለ ሽቦ ሥራው ደኅና ነው፤ በሩቅና በዘገምተኛ መስመር ግን ያታክታል። መስመሩ ከተቋረጠም ፕሮግራሙ አብሮ ይዘጋል። መብራት በሚጠፋበት አገር የምትሠሩ ጓደኞቼ፥ ጽሑፋችሁን ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ።