ብስክሌት ከመግዛታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ብስክሌት ነው። በዚህ ዙር ለብድር ከቀረቡት ማመልከቻዎች ሦስቱ «ማውንቴን ብስክሌት ለመግዛት» የሚሉ ናቸው። ኮሚቴው ገና አልወሰነም። ያልወሰነበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

በ2013 ዓ.ም. ከማኅበራችን 9,000 ብር ተበድሬ ብስክሌት ገዛሁ። ከሲቀላ ገበያ ሙዝ እየጫንኩ ሴቻ ላሉ ሱቆች ላደርስ ነበር። ለባጃጅ የምከፍለው ትርፌን ይበላው ስለነበር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ብስክሌቱ ግን በሦስተኛው ወር ቆመ። ብድሩን አሥራ አራት ወር ከፍዬ ጨረስኩ። ግድግዳ ተደግፎ ለቆመ ነገር ዕዳ መክፈል ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ገንዘቡም የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የሁላችንም ቁጠባ ነው። ስለዚህ የተሳሳትኩትን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትንም እጨምራለሁ።

ስገዛ ያየሁት ስሙን ነበር። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የውጭ ስም፣ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር፣ የሚያብረቀርቅ ዲስክ ፍሬን። አንድ ዘመዳችን ስሙን በስልኩ አይቶ «ታዋቂ ነው» አለኝ። ለእኔ ጥናቱ በዚያ አለቀ። ጎማው ሲተነፍስ ሰፈራችን ወዳለው ጎሚስታ ወሰድኩት። ልጁ ጎማው ላይ የታተመውን ቁጥር አየና «እትዬ፣ የዚህ ከመነዳሪ እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው» አለኝ። ቆይቶም ስሙ የተለጠፈ ወረቀት መሆኑን በጥፍሩ ፍቆ አሳየኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ብስክሌት ስም ግን የሴቻን ዳገት አልወጣልኝም።

እንግዲህ ብራንድ ምንድን ነው? እውነተኛ ብራንድ ዋጋ አለው። ጃይንትና ሜሪዳ በታይዋን፣ ሁለቱም በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ናቸው። ትሬክ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመሠረተ። የህንዱ ሂሮ በ1956 እ.ኤ.አ. በሉድያና ከተማ ብስክሌት መሥራት ጀመረ። አባቶቻችን የሚያውቁት ፊኒክስ የሻንጋይ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ስሞች ይሠራል፤ ጃይንትም በራሱ ስም ከመሸጡ በፊት ለሌሎች ኩባንያዎች ይሠራ ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ ኩባንያ ለውድድርም ለሰፈር ልጅም ይሠራል። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የቡድኑ ስም ላምፕሬ ሜሪዳ ነበር። ያኮራናል። ይሁን እንጂ ሜሪዳ የሚል ጽሑፍ ያየሽበት ሁሉ የእሱ ብስክሌት አይደለም።

ሌላም አለ። «ሺማኖ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ብስክሌት ታገኛላችሁ። ሺማኖ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ዕውቅናውም በማርሽና በፍሬን እንጂ በሙሉ ብስክሌት አይደለም። አንዲት የማርሽ መቀየሪያ ሺማኖ ስለሆነች ቴላዮውም ጎማውም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከሺማኖም ውስጥ ደረጃ አለ፦ ቱርኒ ዝቅተኛው ነው፣ ከዚያ አልቱስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ እያለ ይወጣል። ለእኛ ሥራ ቱርኒም ቢሆን በደንብ ከተያዘ ያገለግላል።

ስለዚህ ስሙን ጻፉት፣ ግን እሱን ይዛችሁ አትግዙ። መጀመሪያ መንገዳችሁን ጠይቁ። ሥራዋ ከሲቀላ እስከ ላንቴ የሆነች እህት መንገዷ ሜዳ ነው፤ እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር ሰዎች ማርሽ በሌለው ጠንካራ ብስክሌት መሥራት ትችላለች። ማውንቴን የግድ አያስፈልጋትም። ሲቀላና ሴቻን የምታመላልስ ግን 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው ብላ አትናቀው፤ ዳገቱን ሁላችን እናውቀዋለን። ዶርዜና ጨንቻ ለመውጣት የምታስብ ካለች ደግሞ ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ላይ ቀላል ማርሽ፣ ሰፊ ጎማና የሚይዝ ፍሬን ያስፈልጋል። የማውንቴን ጥቅሙ ይኼ ነው።

የማውንቴን ብስክሌት አጀማመሩም ከቁልቁለት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባል አካባቢ ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ይዘው ከተራራ ይወርዱ ነበር። የኋላ ፍሬናቸው ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ይተን ነበርና፣ ታች ሲደርሱ ግራሶውን እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ከዚያ የተሻለ ፍሬንና ማርሽ እየገጠሙ ሄዱ። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው፣ ከማብረቅረቁ በፊት ፍሬኑ እንደሚቀድም ነው። ከሴቻ ሙዝ ይዞም ሆነ ባዶውን የሚወርድ ሰው ሁለቱንም ፍሬን እየያዘ፣ እየለቀቀ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ።

ከመንገዱ በኋላ ጎማውን ጠይቁ። የማውንቴን ጎማ በብዛት ሦስት ዓይነት ነው፦ 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማው ላይ የታተመውን ቁጥር ቅዱና ወደ ጎሚስታው ሂዱ። «ከመነዳሪውም ጎማውም አለህ?» በሉት። «አለ» ካለ በዓይናችሁ እዩት። 26 የሚል ሁሉም አንድ አይደለም። 26 በ1.95 የሚልና 26 በ1 3/8 የሚል ጎማ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገጥምም። እርግጠኛ መሆን የምትፈልግ ሴት ከጎኑ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ትመልከት፤ የመጀመሪያው 559፣ ሁለተኛው 590 ይላል። የንፋስ መሙያውንም እዩ፤ እንደ መኪና ወፍራም ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላልሻል፤ ቀጭኑ ዓይነት ሌላ መንፊያ ይፈልጋል።

ፍሬኑ በገመድ የሚሠራ ይሁን። ገመድ ቢበጠስ በቀላሉ ይቀየራል። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱን የሚሞላ መሣሪያና የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ብስክሌቱን ያስቆማል። የኋላ አሞርዛተርን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ለጭነት አትግዙት። ዕቃ ስትጭኚ ይሰምጣል፤ ዳገት ላይ ስትረግጪ ኃይልሽን ይበላል፤ የኋላ ዕቃ መጫኛም በደንብ አይታሰርበትም። የእኔ እንዲህ ነበር።

ቁመቱንም ለኩት። ብስክሌቱን በመካከል አድርገሽ በሁለት እግርሽ ስትቆሚ በአንቺና በላይኛው ብረት መካከል ቢያንስ አራት ጣት ይቅር። ቀሚስ የምንለብስ ደግሞ ብረቱ ዝቅ ያለውን እንምረጥ፤ ካቴናውም ሽፋን ይኑረው። ቀሚስ ካቴና ውስጥ ገብቶ የወደቀች አውቃለሁ።

ያገለገለ ብስክሌት ለሚገዙ፦ መሪው ሥር ያለውን የቴላዮ መጋጠሚያ በእጃችሁ ዳብሱ። ቀለሙ ተጨማድዶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ብስክሌቱ ተጋጭቷል ማለት ነው። ብየዳ ካለበት ተዉት። ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩት፤ ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚዋልል ከሆነ አስተውሉ። ፔዳሉ የተያያዘበትን ብረት ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተንቀጠቀጠ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጡና ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር የተመታውን ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ የሰው እንባ ያለበትን ዕቃ አንግዛ። ካለ ደግሞ ቁጥሩን በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አስገቡ፤ ምስክር ይፈርም።

አሁን ለኮሚቴው ያለኝን ልናገር። ሦስቱን ማመልከቻ በእኔ ምክንያት አትጣሉ። ብስክሌት አልከዳኝም፤ ሳልጠይቅ ገዛሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ልክ ናቸው። ሐሳቤ እነሆ፦ ተበዳሪዋ ብቻዋን አትሂድ፤ አንድ አባልና አንድ ጠጋኝ አብረው ይሂዱ፤ ለጠጋኙም የድካሙ ይከፈለው። ከብድሩ ላይ ለአንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ለመንፊያና ለቁልፍ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይነሣ። የጎማው ቁጥር ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። ጎሚስታው «አለኝ» ያላለው ጎማ ያለበት ብስክሌት በማኅበሩ ገንዘብ አይገዛ።

ይህን ልሳን ለምታነቡ በጎ አድራጊ ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ብስክሌት ልትሰጡን ስታስቡ ልባችሁ መልካም እንደሆነ እናውቃለን። ከመላካችሁ በፊት ግን የጎማውን ልክ ጠይቁን። አሥር ዓይነት ስም ያላቸው አሥር ብስክሌቶች ከሚመጡ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ አምስት፣ ከመለዋወጫቸውና ከመጠገኛ ዕቃቸው ጋር ቢመጡ ይሻለናል። ከሴት ልጆቻችን ሁለቱ ጥገና ቢማሩ ደግሞ ያ ሙያ ለራሳቸው እንጀራ ይሆናል።

የእኔ ብስክሌት አሁንም ግድግዳው ሥር ነው። ባለፈው ወር ጠጋኙን ጠርቼ አስመረመርኩት። ኮርቻው፣ ፔዳሉና ካቴናው ይጠቅማሉ ብሏል። ከሦስቱ አመልካቾች የምትፈልጋቸው ካለች በነጻ ትውሰድ። ግዢውም ቀን አብሬ እሄዳለሁ፤ ስሙን ሳይሆን ጎማውን የምታይ አንዲት ሴት ከጎኗ እንድትኖር።

ጥያቄ ካላችሁ ከቡናው በኋላ እንነጋገር።