የዕድራችን መዝገብና ደንብ በኮምፒዩተር ሲሰናዳ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የሥራ አመራሩ የአባላት መዝገባችንና የመተዳደሪያ ደንባችን በኮምፒዩተር ተጽፈው እንዲቀመጡ ወስኗል። እኔም ዕድሜዬን በመዝገብ ቤትና በጽሕፈት ሥራ ስለ ጨረስኩ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ታዝዣለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ስለ ኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ አልነግራችሁም። የምነግራችሁ ጽሑፍ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሰናዳና በደንብ ሳይሰናዳ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ይኼ የጽሕፈት ማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ ዕድር ድንኳን የሚተከለው፣ የቀብር ማስፈጸሚያውም የሚከፈለው የሟቹ ስም በመዝገብ ሲገኝ ነው። ስሙ ካልተገኘ ሐዘንተኛው አስከሬን ቤት አስቀምጦ ከጸሐፊ ጋር ሲከራከር ያመሻል። መዝገቡና ደንቡ የሚጠበቁት ይህ እንዳይሆን ነው።

ስለ ጽሕፈት መኪና

በእኛ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚሰናዳው በጽሕፈት መኪና ነበር። ፊደላችን 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ሆሄ ነው፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። መኪናው ላይ ያሉት ቁልፎች ግን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ሆሄ በዚያች ጠባብ ዕቃ ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። ታይፒስቱም ብዙውን ፊደል የሚጽፈው መጀመሪያ አካሉን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን እየመታ ነበር።

የመኪናው ችግር በአንድ ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢለወጥ ገጹን በሙሉ እንደገና መምታት ግድ መሆኑ ነው። ደግነቱ ግን ወረቀቱ ላይ አንዴ ያረፈው ፊደል አይለወጥም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በካርቦን የወጣ ግልባጭ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ እንደ ተኛ ይነበባል። ይህን ደግነት ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምፒዩተር ቢሮ ስለ መግባቱ

በአሜሪካን አገር ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ስታር የሚባል የቢሮ ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ ከ16,000 ዶላር በላይ ነበር። በስክሪኑ ላይ የወረቀት፣ የአቃፊ፣ የመዝገብ መሳቢያ፣ የገቢና የወጪ ትሪ ሥዕል ይታይበት ነበር። እኛ መዝገብ ቤት የነበርነው የምናውቀው ዕቃ ሁሉ መስተዋት ላይ ተደረደረ ማለት ነው! የዚህ አሠራር ዓላማው በስክሪን የሚታየው ገጽና ከፕሪንተር የሚወጣው ገጽ አንድ እንዲሆኑ ነው። ዛሬ በየቢሮው ያለው ዎርድም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ዶናልድ ክኑዝ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የጻፉት መጽሐፍ በአዲስ የሕትመት ዘዴ ተሠርቶ ለእርማት ሲመጣላቸው የፊደሉ መልክ አላስደሰታቸውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1977 የራሳቸውን የፊደል መልቀሚያ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ፤ ስሙም ቴክ ይባላል። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት የተባሉ ሰው ይህንኑ ለማቃለል ላቴክ የሚባለውን ሠሩ። በዚህ መንገድ ጸሐፊው «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሰንጠረዥ ነው» ብሎ ምልክት ይሰጣል፤ ቁጥር መስጠቱ፣ መስመር ማስተካከሉ፣ ማውጫ ማውጣቱ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። በጥንቱ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚው ይሠራው የነበረውን ሥራ ፕሮግራሙ ተረከበ ማለት ነው። በዚሁ ፕሮግራም የግእዝ ፊደል የሚጻፍበት ማሟያም በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ተሠርቶለታል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ አንደኛው በዓይን እያዩ ማስተካከል፣ ሁለተኛው ነገሩን በስሙ መጥራት ነው። ዎርድ ሁለቱንም ይችላል። ችግሩ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንደኛውን ብቻ መሆኑ ነው። ርዕስ መሐል እንዲውል ስፔስ ሃያ ጊዜ እንመታለን፤ አዲስ ገጽ ስንፈልግ ኢንተር ደጋግመን እንመታለን፤ የአንቀጽ ቁጥር በእጃችን እንጽፋለን። ለዓይን ያምራል። አንድ መስመር ሲጨመርበት ግን ሁሉም ቦታውን ይለቃል።

የደንብ አንቀጽ ሲዛባ

ቦታ መልቀቅ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዕድር ደንብ አንቀጽ 9 መዋጮ ስላቋረጠ አባል፣ አንቀጽ 10 ደግሞ ወላጅ ስለ ሞተበት አባል ይናገራል እንበል። በደንቡ መጨረሻ ላይም «በአንቀጽ 9 የተመለከተው አባል ርዳታ አያገኝም» የሚል ቃል አለ። ጠቅላላ ጉባኤው አንቀጽ 7 ይሰረዝ ቢል 9 የነበረው 8 ይሆናል፤ 10 የነበረው 9 ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ግን ማንም ካልነካው እንደ ነበረ ይቀራል። ታዲያ ደንቡ ምን አለ? ወላጅ የሞተበት አባል ርዳታ አያገኝም አለ! ይህን ያሰበ ሰው የለም፣ ይህን የወሰነ ጉባኤም የለም፤ ነገር ግን ማኅተም ተመትቶበታል።

በዎርድ ውስጥ የአንቀጽ ቁጥሩን ራሱ ፕሮግራሙ እንዲሰጥ፣ «በአንቀጽ ይህን ያህል» የሚለውም ማጣቀሻ ከቁጥሩ ጋር እንዲታሰር ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በኋላ አንድ አንቀጽ ቢወጣ ሌላው ይከተላል። ሆኖም ማጣቀሻው ወዲያውኑ በራሱ ላይታደስ ስለሚችል፣ ከማተም በፊት ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ኤፍ 9 የተባለውን ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ጠብ ታስቀራለች።

የፊደሉ ጣጣ

ሁለተኛው ጥንቃቄ የፎንት ነው። የአማርኛ ፊደል በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝና ለሌላ ምልክት የተያዘ ነበር። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ ፊደላችንን የፈረንጁ ፊደል በሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በመሰላቸው መንገድ ደለደሉት። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ፊደል ነው፤ አማርኛው ላዩ ላይ የተደረበ ልብስ ነበር። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ልብሱ ይወልቅና ማንም የማያነበው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። በእኔ መሥሪያ ቤትም ስንት ደብዳቤ እንደዚህ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግእዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ለምሳሌ «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው፤ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ዩኒኮድ በሚያውቅ ኮምፒዩተር ሁሉ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ።

ይሁንና በድሮው ፎንት የተጻፉ ፋይሎች በየፍላሹ ዛሬም አሉ። መለየቱ ቀላል ነው። ፋይሉ ሲከፈት ጽሑፉ በሙሉ ይመረጥና ፎንቱ ወደ ኒያላ ይቀየር። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው። ወደ ፈረንጅ ፊደል ከተለወጠ የድሮው ነው፤ ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። ከዚያም ከታተመው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር መመሳከር አለበት።

የስም አጻጻፍ

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ሰው ስም ሲያነብ ድምፁን ይሰማል፤ ኮምፒዩተር የሚያየው የፊደሉን ቁጥር ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በስድስቱ ብናባዛ 12 ዓይነት ነው። ለእኛ አንዲት ሴት ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 12 ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

በፊደል ተራ ቢደረደርም ችግሩ አይለቅም። በኮምፒዩተሩ ተራ «አለሙ» ከከ በፊት ይመጣል፤ «ዓለሙ» ግን ከወ በኋላ ነው። አንድ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ በአንዱ ቦታ ፈልጎ ካጣ «የለም» ብሎ ይዘጋዋል። በሌላ ዕድር የሆነውን አንድ ወዳጄ አጫውቶኛል። ባሏ የሞተባት ሴት መጥታ ጸሐፊው ስሙን በኮምፒዩተር ቢፈልግ የለም አለ። ሰውየው ሃያ ዓመት ያላቋረጠ ከፋይ ነው። በኋላ የቀድሞው የእጅ መዝገብ ከአንድ ሽማግሌ ቤት መጥቶ ስሙ ተገኘ፤ በመዝገቡ በዐይኑ ዓ፣ በኮምፒዩተሩ በአልፋው አ ነበር የተጻፈው። በዚህ መሐል የሴትዮዋ ቤት ያለ ድንኳን አድሯል። ለአንዲት ፊደል ሲባል ይህ አይገባም።

የማቀርበው ሐሳብ

ስለሆነም ጉባኤው ቢስማማበት የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

1ኛ/ እያንዳንዱ አባል የማይለወጥ የአባልነት ቁጥር ይኑረው፤ ፍለጋውም በቁጥሩ ይሁን። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የባለቤት፣ የልጆችና የወላጆች ስም በየራሱ ዓምድ ይግባ።

2ኛ/ ማንኛውም የዕድሩ ጽሑፍ በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ። ዝርዝር ሲሆን በስፔስ ሳይሆን በሰንጠረዥ ይሠራ።

3ኛ/ በደንቡ ውስጥ የአንቀጽ ቁጥርና ማጣቀሻ በእጅ አይጻፍ። ደንቡ በተሻሻለ ቁጥር የተሻሻለበት ቀን በየገጹ ግርጌ ይታይ፤ አሮጌው ፋይል አይሰረዝ፣ በስሙ ላይ ዓመቱ ተጽፎ ለብቻው ይቀመጥ።

4ኛ/ የማመሳከሩን ሥራ ሁለት ሰው ይሥራው። አንዱ ከእጅ መዝገቡ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከታተመው ላይ ይከተል። ለብቻ የሚያመሳክር ሰው ዓይኑ የሚፈልገውን ያነባል።

5ኛ/ ፋይሉ በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቅር። አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ። ማንም በስሕተት ነክቶ እንዳይለውጠው በፒዲኤፍ የተዘጋጀ ግልባጭም ይኑረው።

6ኛ/ በየዓመቱ ሙሉ መዝገቡ በወረቀት ታትሞ፣ በየገጹ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ይቀመጥ። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ የወረቀት ደግነት ይኸው ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ወረቀቱ ይነበባል። የእጅ መዝገቡም ቢሆን ሥራው አለቀ ተብሎ እንዳይጣል አደራ እላለሁ።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ለምን? አንድ የሠፈር ልጅ በአንድ ሳምንት ይመታው የለም ወይ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፣ ልጆቻችን ከእኛ በላይ ይፈጥናሉ፤ ልንኮራባቸውም ይገባል። ነገር ግን ልጁ የጎረቤታችንን አያት ስም አያውቅም፤ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ በመዝገቡ ላይ የደበዘዘው ስም የማን እንደ ሆነ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እዚህ ከፊት የተቀመጡት እናቶችና አባቶች ናቸው። ስለዚህ መኪናውን የሚያውቀው ልጅና ስሙን የሚያውቁት አዛውንት አብረው ቢቀመጡ ሥራው ይሰምራል።

በመጨረሻም መዝገቡ ታትሞ ሲወጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ገጽ አይቶ እንዲፈርም ይጠራል። እባካችሁ «ሥራ አለብኝ» ብላችሁ አትቅሩ። የሚቀርብላችሁ ገጽ በሐዘናችሁ ቀን ጸሐፊው የሚገልጠው ገጽ ነው። የባለቤታችሁ፣ የልጆቻችሁ፣ የወላጆቻችሁ ስም በትክክል መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ማንበብ የሚያስቸግራችሁም ልጅ አስከትላችሁ አስነብቡ።

ዕድራችንን ያጽናልን።