ሰኞ ዕለት ያልመጣው ልጅ

(በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ በኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ሰብሳቢያችን «ስለ ልጆቻችን የሥራ ነገር ይንገሩን» ብለውኛል። እኔ ግን የምጀምረው በሌሎች ልጆች፣ በዚህች አገር ነባር ባለቤቶች በአቦርጂኖች ልጆች ነው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፒልባራ የብረት ማዕድን አካባቢ በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ። እዚያ ሳለሁ የሠራሁትን አንድ ጥፋት ዛሬ በፊታችሁ ልናገር።

ከሩቅ መንደር የመጣ የ19 ዓመት አቦርጂን ወጣት እኔ ዘንድ ተመደበ። ዝምተኛ፣ እጁ ሥራ የሚይዝ ልጅ ነበር። በሦስተኛው ወር አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም አልመጣም። ሁለት ሳምንት ጠፋ። እኔም «ኃላፊነት አይሰማውም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ልጁም ተሰናበተ።

ለካስ አጎቱ ሞቶበት ለቅሶ ላይ ነበር! በእነሱ ወግ ዘመድ ከያለበት እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ለእኔ እንዴት ይጠፋኛል? ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በአገሩ ምን እንደሚባል እየሰማሁ ያደግሁ የወሎ ልጅ አይደለሁም ወይ? በውጭ አገር የተማርኩት ዶክትሬት ስለ ኮንክሪት ብዙ አሳውቆኛል፤ ያንን ሰኞ ግን አላስነበበኝም።

ከዓመት በኋላ ልጁን በሌላ ሥራ ቦታ ግሬደር ሲነዳ አገኘሁት። ቀጣሪው ከራሱ ወገን የሆኑ፣ ጥቂት ማሽኖች ያሏቸው ተቋራጭ ነበሩ። «ለቅሶ ሲመጣ እንዴት ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔም እዚያው ለቅሶው ላይ ነኝ» አሉኝ። «ማን እንደሚቀር ቀድሜ ስለማውቅ ተተኪ አዘጋጃለሁ። ሲያበቃ ልጆቹን በመኪናዬ ጭኜ እመለሳለሁ።»

ሌላም ነገር አየሁ። በምዕራብ አውስትራሊያ ጀማሪ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ፈቃድ ካለው ሰው ጋር 50 ሰዓት መንዳት አለበት። በሩቅ መንደር የተመዘገበ መኪናና ፈቃድ ያለው አስነጂ ከየት ይመጣል? ያለ ፈቃድ የነዳ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ሌላ መዘዝ ይወልዳል። ፈቃድ የሌለውን ደግሞ ማን ማሽን ላይ ያስቀምጠዋል? እኚህ ሰው ከሥራ በኋላ አጠገቡ እየተቀመጡ ሰዓቱን አስሞሉት። የእኛ ድርጅት በየዓመቱ ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ የምስክር ወረቀትም ያድላል። አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ግን አልነበረውም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት አባቶቻችን አልተሳሳቱም።

ይህ ትናንት የተጀመረ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያው በፒልባራ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1946፣ ቢያንስ 800 አቦርጂን ሠራተኞች የከብትና የበግ እርባታዎቹን ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ ከቀለብና ከልብስ በቀር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ፤ ቀኑን የተስማሙት ከእጅ ወደ እጅ በዞረ የቀን መቁጠሪያ ምልክት ነው። እስከ 1949 ድረስ ጸኑ። በምን ኖሩ? እናቶቻችን እህል በሰፌድ እንደሚያበጥሩት፣ እነሱም በእንጨት ገበታ ቆርቆሮ የሚሠራበትን ማዕድን ከአፈር እያበጠሩ ሸጡ። ቆይተውም የራሳቸውን የማዕድን ድርጅት አቋቋሙ። ልጆቻቸው ሥራን የተማሩት ከገዛ አባቶቻቸው ጎን ቆመው ነው።

የአውስትራሊያ መንግሥት ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ከሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ለነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ድርሻ መድቧል። መልካም ነው። ነገር ግን ግማሽ ባለቤትነት በቂ ስለነበር፣ ስሙ የእነሱ፣ ጥቅሙ የሌላ የሆነ ድርጅትም በቀለ። በዚህም የተነሳ መንግሥት ከሐምሌ 2026 ጀምሮ መለኪያው 51 በመቶ ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር እንዲሆን ወስኗል። በእኔ እምነት ግን ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፦ ልጁ ሰኞ ሲቀር ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ ወይ?

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከእናንተ መካከል የጭነት መኪና፣ የጽዳት ድርጅት፣ ምግብ ቤት ያላችሁ አላችሁ። ትምህርት አቋርጠው የሚንገላቱ ወጣቶቻችንንም በየቤቱ እናውቃቸዋለን። ስለ እነሱ በየስብሰባው እናዝናለን፤ ሥራ የሚሰጣቸውን ግን ከሌላ እንጠብቃለን። እባካችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ያዙ። እኔም ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ፤ መኪናዬም ደጅ ቆማለች። 50 ሰዓቱን የሚያስነዳው ያጣ ልጅ ካለ፣ ከዚህ ስንወጣ ስሙን ስጡኝ።

ያንን ወጣት ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «እናንተ አገር ለቅሶ የለም እንዴ?»