ማህተሙን ሳይሆን ቃሉን እናንብብ

«ውልና ማስረጃ ማህተም አድርጎበታል» ከተባለ በወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ይመስለናል። የመሐላ ቃል ስንሰጥ ግን ሹሙ የሚያረጋግጠው ማንነታችንንና በፊቱ ምለን መፈረማችንን ነው። ለቃሉ እውነተኛነት ተጠያቂዎቹ እኛው ነን፤ በሐሰት መማል ያስቀጣል።

ፊደል ላልቆጠሩ እኅቶቻችን ሕጉ ጋሻ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል።

ስለዚህ ለብድርም ሆነ ለውክልና «ቶሎ ፈርሚ» ስንባል፣ «መጀመሪያ ይነበብልኝ» እንበል። ደረሰኝ ሳናይ የማኅበራችንን ሒሳብ እንደማናጸድቅ ሁሉ፣ ባልሰማነው ቃልም አንማል።