በጨዋማ መሬት የሚበቅል መኖ፦ የመካከለኛው አዋሽ ትምህርት



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ስለ ጨው ቻይ የመኖ ዕፅዋት ነው። ርእሱ አሁን አሁን በየጉባኤው ይነሣል፤ ዕፅዋቱም ጨውን ከአፈር ያጸዳሉ፣ ከብቱንም ያጠግባሉ እየተባለ ይነገርላቸዋል። የመጀመሪያው አባባል በስሌት ሲፈተን አይቆምም። ሁለተኛው እውነት የሚሆነው አንዳንድ ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሁለቱንም በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሜዳ ላይ አስደግፌ ላስረዳ።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተጠናቀቀ በኋላ በሸለቆው ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ፤ በአሚባራ ጥጥ ተዘራ፣ በመልካ ሰዲ ሙዝ ተተከለ። ውሃ የሚገባበት ቦይ ሲቆፈር ትርፉ ለሚወጣበት ማጠንፈፊያ የተሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነበር። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ መጣ፤ ወደ ገጸ ምድር በቀረበ ጊዜም ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጥጥ ጨው በመቻል ከሚታወቁት ሰብሎች አንዱ ነው፤ የአፈሩ ጨዋማነት 8 ዴሲሲመንስ በሜትር እስኪጠጋ ድረስ ምርቱ እምብዛም አይቀንስም። ቦሎቄ ገና 1 ላይ መጎዳት ይጀምራል። ጥጥ ያቃተው መሬት ምን ያህል እንደ ከፋ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ወደ ስሌቱ ልምጣ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ጨው የያዘ ውሃ እንውሰድ፤ ለመስኖ ደኅና የሚባል ውሃ ነው። በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ለአንድ ሄክታር ብናጠጣ 5 ቶን ጨው በማሳው ላይ አፈሰስን ማለት ነው። ከዚያው ሄክታር 10 ቶን ደረቅ ሣር አጭደን ብንወስድና ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ጨው ነው ብለን በልግስና ብናስብ፣ የወጣው 1 ቶን ብቻ ነው። ቀሪውን 4 ቶን አጥቦ የሚያወርድ ውሃና ወርዶ የሚወጣበት ማጠንፈፊያ ያስፈልጋል። ሣሩ መሬቱን ያክመዋል የሚል የጥናት ዕቅድ በቀረበልኝ ቁጥር በመጀመሪያ የምፈልገው የቦዩን ንድፍ ነው። ሣሩ ግን ለአፈሩ ረዳት መሆኑን አልክድም፤ ጥላው ከገጸ ምድር የሚነሣውን ትነት ይቀንሳል፣ ሥሩም የተደፈነውን አፈር ከፍቶ ለሚያጥበው ውሃ መንገድ ይሰጣል።

አሁን ወደ ከብቱ እንለፍ፤ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ በሉ። አትሪፕሌክስ የተባለው ቁጥቋጦ ጨዋማነቱ ወደ ባሕር ውሃ በተጠጋ አፈር ሳይቀር ይኖራል። በቅጠሉ ገጽ ባሉ ጥቃቅን ፊኛዎች ጨውን ያከማቻል። ለተክሉ ትልቅ ብልኃት ነው፤ በጉ ግን ያንኑ ጨው ይበላዋል። ከደረቅ ቅጠሉ ከ20 እስከ 30 በመቶው አመድ ሊሆን ይችላል፣ አመድ ደግሞ ጉልበት አይሰጥም። በጉ ጨውን በሽንት ለማስወገድ አብዝቶ ይጠጣል፣ የሚበላውንም ይቀንሳል። የክሩድ ፕሮቲን ቁጥርም ያሳስታል፤ ናይትሮጅን ተለክቶ በ6.25 ተባዝቶ የተገኘ ስለሆነ፣ ፕሮቲን ያልሆነውንም ናይትሮጅን ይጨምራል፤ በእነዚህ ቁጥቋጦዎች ውስጥ ይህ ጥቂት አይደለም። የጨጓራ ተሕዋስያን ይህን ናይትሮጅን ለመጠቀም ጉልበት ሰጪ መኖ ይሻሉ። አውስትራሊያውያን በቁጥቋጦው ረድፎች መካከል ሣር የሚያበቅሉት ወይም ገለባና እህል የሚደጉሙት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ግመል አርቢዎችም ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁታል፤ ግመል ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ጨው ስለሚሻ ወደ ጨዋማው ቁጥቋጦ ይነዱታል፣ ለላም ግን ሣር ይፈልጋሉ። እኔም ለአሚባራ ሜዳ ከቁጥቋጦው ይልቅ እንደ ሮደስ ሣር ያሉትን አስቀድማለሁ፤ ሮደስ ሣር ጨውን በቅጠሉ በኩል ወደ ውጭ ያስወግዳል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከአግሮኖሚ ወጣ አልክ የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። ይህ ሜዳ ጥጥ ሳይመጣበት የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። ወንዝ ዳር ያለው ሲታረስ መንጋው ወደ ደረቁ ምድር ተገፋ፤ ጨው ያስተወውን እርሻ ደግሞ በብዙ ስፍራ ፕሮሶፒስ ወረሰው። ዛሬ ይኸው መሬት በመኖ ቢሸፈንና ሣሩ ታጭዶ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ማድለቢያ ቢሄድ፣ አርብቶ አደሩ ግጦሹን ሁለተኛ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጥናት ወደ ሜዳ የምትወርዱ ተማሪዎች የምርቱን ቶን ብቻ ይዛችሁ አትምጡብኝ። የከርሰ ምድሩን ውሃ ጥልቀት በየወሩ ለኩ። ፍየሏ በቀን ስንት ግራም እንደ ጨመረችና ስንት ሊትር እንደ ጠጣች መዝግቡ። በጥር ወር ሣሩን ማን እንዳጨደው፣ የማን ከብት እንደ በላውም ጠይቁ።