ኖካርዲያ፦ ከአፈር ወደ አንጎል

ኖካርዲያ በአፈርና በበሰበሰ ተክል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ኤድሞን ኖካር በ1888 እ.ኤ.አ. በታመሙ ከብቶች ላይ አገኘው። ከአቧራ ጋር ሳንባ ይገባል፤ ከዚያም በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ይበልጥ የሚያጠቃው የሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅም የተዳከመ ሰዎችን ነው፤ ለምሳሌ ኩላሊት የተተከለላቸውን፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱትን።

ራስ ምታት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥና የአንድ ጎን መዛል ሊታይ ይችላል። ትኩሳት ግን ላይኖር ይችላል፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። በኤምአርአይ ምስል ላይ ዙሪያው እንደ ቀለበት የደመቀ እብጠት ይታያል፤ ካንሰርም ሆነ የአንጎል ቲቢ ይህንኑ መልክ ሊይዝ ስለሚችል ምስል ብቻውን አይበቃም። ቁርጡ የሚታወቀው መግሉ በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ነው። ባክቴሪያው በዝግታ ስለሚያድግ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማሳደግ (የካልቸር) ምርመራው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙ ጥርጣሬውን አስቀድሞ ለላቦራቶሪው ካላሳወቀ ናሙናው ውጤት ሳይሰጥ ሊጣል ይችላል፤ በምርመራ ማዘዣው ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ሕይወት ያተርፋል።

ሕክምናው በአብዛኛው ኮትሪሞክሳዞል በተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ይመሠረታል። መጀመሪያ ላይ እንደ ኢሚፔነምና አሚካሲን ያሉ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ይታከሉበታል፤ ትልቅ መግል ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሕመምተኛው ቶሎ ቢሻለውም መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት ይቀጥላል፤ ቀድሞ ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።