አምባሰል ቤቱ የት ነው? አንድ ዓመት በሙዚቃ ድርሰት ትምህርት



በድርሰት ክፍል ስላሳለፍሁት ዓመት እንድናገር ስጠየቅ የተማርኋቸውን ርእሶች መዘርዘር በቀለለኝ ነበር። ፉጋውም፣ ሶናታውም፣ የመሣሪያ ቅንብሩም በሥርዓተ ትምህርቱ ተጽፈው ይገኛሉና እነርሱን አልፋቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ የያዘኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እርሱም በአምባሰል ቅኝት ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላ፣ ለቼሎና ለማሲንቆ ስጽፍ የገጠመኝ ነው።

አምባሰልን ከዶ ብንጀምር ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። በሀርመኒ ክፍል እንደተማርነው ኮርድ የሚሠራው ድምፆችን በሦስተኛ ርቀት በመደራረብ ነው። እስኪ ከእነዚህ አምስት ድምፆች ኮርድ ለመሥራት ሞክሩ። የምታገኙት ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው በፋ ላይ የቆመ ማይነር፣ ሁለተኛው በሬ ፍላት ላይ የቆመ ሜጀር። የቅኝቱ ቤት በሆነው በዶ ላይ ግን ሦስተኛ ድምፅ ስለሌለ የሚቆም ኮርድ የለም። ስለዚህ ዜማውን በእነዚህ ኮርዶች ያጀበ ደራሲ ሳያስበው ቤቱን ወደ ፋ ያዛውረዋል፤ አድማጩም በአምባሰል ፈንታ ሁለት ድምፅ የጎደለው የፋ ማይነር ይሰማል። ሙሉው ትዝታ እንዲህ አያስቸግርም፤ በመነሻው ላይ ሜጀር ኮርዱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ስለሆነም ቅኝቱን ራሱን መመርመር ግድ ሆነ። በአውሮፓው ሥርዓት ጆሮን ወደ ቤት የሚስበው ከታች በግማሽ ድምፅ የቀረበው ሲ ነው። በአምባሰል ስበቱ ከላይ ነው፤ ሬ ፍላት ወደ ዶ፣ ላ ፍላት ወደ ሶል ይወርዳሉ። ሁለቱም ምሰሶዎች በላያቸው አንዳንድ ግማሽ ድምፅ ተሸክመዋል። ይህን ካስተዋልሁ በኋላ ቼሎውን በዶና በሶል ክፍት ክሮቹ ላይ አቆምሁት። ቫዮሊኖቹና ቪዮላው ደግሞ አንዱን ዜማ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ አንዱ አስጊጦ ሌላው እንዳለ፣ እንዲይዙት ጻፍሁ። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘፋኝና ማሲንቆ ሲሄዱ የኖሩት እንዲሁ ነው።

የጸናው ፈተና ማሲንቆው ዘንድ ነበር። ሊጫወቱልን ፈቃዳቸው የሆነው አዛውንት ኖታ አያነቡም፤ ማንበብም አላስፈለጋቸውም። ዜማውን በክራር ደጋግሜ አሰማኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ግጥሙ የታለ?» አሉኝ። ግጥም እንደሌለው ነገርኋቸው። «ታዲያ የት ላይ ልተንፍስ?»

ከዚያ ዓመት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አልቀረበልኝም። አዝማሪ ሐረግ የሚቆርጠው ምት ቆጥሮ አይደለም፤ በስንኝ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል በወል ቤት ልክ፣ ስድስት ስድስት ቀለም አድርጌ ጻፍሁት፤ ስንኞቹንም ራሴ ገጥሜ ከማሲንቆው ዜማ ሥር አሰፈርኋቸው። አይዘፈኑም፤ ለትንፋሽ ናቸው። ቼሎው የሚገባው ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ባለችው ዕረፍት ነው። የዕረፍቷ ርዝመት በኖታ አልተወሰነም፤ አራቱ ተጫዋቾች የአዛውንቱን ደጋን እያዩ ይጠብቃሉ። አንድ መምህሬ ይህ ልምምዱን ያራዝመዋል ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አራዝሞታል።

በዚያው ሰሞን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የታተመውን ሸክላቸውን፣ ደጋግሜ አዳመጥሁ። እርሳቸው ብቻቸውን ስለሚጫወቱ ጊዜን እንደ ፈቃዳቸው ያስረዝሙታል፣ ያሳጥሩታል። ይህን ነጻነት አምስት ሰዎች እንዴት ይካፈሉታል? ያቺ ያልተለካች ዕረፍት እስካሁን ያገኘሁት መልስ ናት፤ ሌላም ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ክፍል በአንቺሆዬ ነው። እዚያ ሶል ራሱ ወደ ፍላት ስለሚወርድ ቼሎው የቆመባቸው ሁለት ክፍት ክሮች አብረው ሊያገለግሉ አይችሉም። የጻፍሁት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚህ ንግግር በኋላ የምትሰሟቸው የፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው።